የሙጫ አጎት ጫማ

መርፌ አርባ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ልደቷን አክብራ አታውቅም። ቀኑን የሚያስታውስላት ሰው ሲገኝ፣ «ኧረ ተዉኝ፤ ለማርጀት ደግሞ ድግስ!» ብላ ታልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን የድሮ ጓደኛዋ ሙጫ በስልክ ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻም አልቅሳ አሸነፈቻት።

«በሞቴ ነይ! አንዴ እንኳ ኬኩን አብረን እንቁረሰው። መዶሻ ሳሎኑን ቀለም ቀብቶልሻል። ጋሽ መቀስም ይመጣል። እስከ መቼ ነው እዚያች ክፍል ውስጥ ከጫማ ጋር ስታወሪ የምትኖሪው?»

«ጫማ ቢያንስ አይነዘንዘኝም» አለች መርፌ። ግን እሺ አለች።

እሺ ያለችው ለኬኩ ብላ አልነበረም። በሆዷ ይዛው የምትዞር ጉዳይ ነበራት። ባሏ ከቤት ወጥቶ የውሃ ሽታ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ሞቷል እንዳትል መርዶ አልመጣ፣ አለ እንዳትል ድምፁ አልተሰማ። ጋብቻው ይፍረስልኝ ብላ ፍርድ ቤት ስትሄድ፣ ሰውየውን የሚያውቁና ከጠፋ ወዲህ እንዳላዩት የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች አምጪ ተባለች። እሱን አብጠርጥረው የሚያውቁት ደግሞ ሙጫና መዶሻ ናቸው። ልደቷን ሰበብ አድርጋ ሄዳ አፍ ለአፍ ልትጠይቃቸው ነበር ሐሳቧ።

መርፌ፣ ሙጫ፣ መዶሻ፣ ጋሽ መቀስ እየተባሉ ሲጠሩ የሚሰማ እንግዳ መሣቅ ይቀናዋል። ስሞቹን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። በወጣትነታቸው በአንዲት የጫማ ማምረቻ ውስጥ ነበሩ። ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ በቆዳ ብናኝ የደበዘዘ ቤት ነው። ጋሽ መቀስ ቆዳውን ይቆርጣል። መርፌ የላይኛውን ቆዳ ትሰፋለች። መዶሻ የተሰፋውን ቆዳ በእንጨት ፎርማ ላይ ወጥሮ ይመታል። ሙጫ ሶሉን ታጣብቃለች። ፎርማ ማለት በእግር ቅርፅ የተቀረፀ እንጨት ነው፤ ጫማ የሚሠራው በእሱ ላይ ተወጥሮ ነው። ፎርማዎቹን የሚቀርፀውም መዶሻ ነበር። አንዱ ከቀረ የሌሎቹ እጅ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ አንዳቸው ሲታመም ሦስቱ ለጥየቃ ይሄዱ ነበር፤ እንደ ወዳጅም፣ እንደ ሥራ ፈትም።

አምስተኛም ነበር። የተሠራውን ጫማ በመኪና እየጫነ ለሱቆች የሚያከፋፍል፣ ሳቂታና ወሬኛ ወጣት ነው። ጭነቱ ሳይደርስ እየመጣ መርፌ ጠረጴዛ አጠገብ ይገተር ስለነበር «ክር» አሉት። አንድ ቀን ጋሽ መቀስ፣ «ኧረ ይቺን ልጅ አግባትና ለኛ መተላለፊያ ልቀቅልን!» አለው። አገባት።

ማምረቻው ሲዘጋ ሁሉም ተበተኑ። ሙጫና መዶሻ ተጋብተው የሙጫ ዘመዶች ወዳሉበት ትልቅ ከተማ ሄዱ። ጋሽ መቀስም ልጁ ዘንድ ሊጦር ወደዚያው ከተማ ገባ። መርፌ እዚያው ቀርታ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየች። ሱቅ ያለ ጫማ እምቢ ያለውን እግር ሁሉ የምትቀበል ሆነች። አንዱ እግሩ ከአንዱ የሚያጥር ይመጣል፤ የአውራ ጣቱ አጥንት ወደ ጎን የወጣበት ይመጣል፤ እግሯ በልጅነቷ የተቃጠለ ሴት ትመጣለች። መርፌ ሁሉንም ወረቀት ላይ አቁማ እግራቸውን ዙሪያውን በእርሳስ ትስላለች። ከዚያ፣ «እስኪ እስከ በሩ ሂድና ተመለስ» ትላለች። አካሄዱን ካየች በኋላ አሮጌ ጫማውን ገልብጣ ሶሉ የቱ ጋ እንደተበላ ታጠናለች። ደንበኞቿ በዚህ ይቀልዱባታል። «መዳፍ አንባቢ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የአንቺ ደግሞ የሶል ነው!» ይሏታል።

ከሁሉም አስቀድማ ያጠናችው የባሏን ጫማ ነበር። ክር ግራ እግሩን ወደ ውጭ ሸፈፍ አድርጎ ነው የሚራመደው። ታኮው ሁልጊዜ በውጭ በኩል፣ ወደ ኋላ ጥግ፣ አግድም ይበላል። ስንት ጊዜ ቀይራለታለች! «አንተ ሰውዬ መሬቱ ምን አደረገህ? በጎን በጎኑ ነው የምትገላምጠው» እያለች። የማሰሪያውን የመጨረሻ ቀዳዳም አይነካውም፤ ቁርጭምጭሚቴን ያንቀኛል ይላል።

ታዲያ አንድ ማለዳ፣ ሌላ ከተማ የሹፌር ሥራ አለ ተብያለሁ ብሎ ወጣ። ደርሻለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ። በቃ።

መርፌ መጀመሪያ ፈለገች፤ ቀጥሎ ጠበቀች፤ ኋላ ደግሞ መጠበቋን ለሰው መናገር አፈረች። ለሙጫ ብቻ ትናገራለች። በደወሉ ቁጥር፣ «ወሬውን ሰማሽ?» ትላለች። «ምንም፣ እህቴ። መሬት ዋጠችው» ትላታለች ሙጫ። አንድ ዓመት ከመንገዱ ማዶ ያለው የአውቶቡስ መካኒክ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጭምት ሰው፣ አብረን እንኑር አላት። መርፌ በጭንቀት ለሙጫ ደወለች። «አንቺ ቅበሪው ካልሽኝ እቀብረዋለሁ» አለቻት። ሙጫም፣ «አትቸኩዪ። የጠፋ ሰው ይመጣል። ነገ በሩን ቢያንኳኳ ምን ትዪዋለሽ?» አለች። መርፌም አልቸኮለችም። መካኒኩ ታገሰ፣ ታገሰና ሌላ አገባ። ሰርጉ ላይ መርፌ እንደ ማንም እንግዳ ጥግ ይዛ አጨበጨበች።

አሁን ወረቀቱን የፈለገችው ለማንም ሰው ብላ አይደለም። ቅፅ ስትሞላ «ያገባ፣ ያላገባ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ መንጠልጠሉ ስለሰለቻት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ መነገር አለበት። ከጥቂት ዓመት በፊት ሙጫ ደውላ አጎቴ ጫማ ቸገረው አለቻት። ብረት ወድቆበት የቀኝ እግሩ ሦስት ጣቶች ተቆርጠዋል፤ የሚሆነው ጫማ አጥቷል። መርፌ እንደ ልማዷ፣ «እግሩን ወረቀት ላይ ስለሽ ላኪልኝ» አለች።

«ያፍራል። እግሩን ለሰው አያሳይም። ለኔም ቢሆን ካልሲውን አያወልቅም» አለች ሙጫ።

«ታዲያ በምን ልሥራለት? በስልክ ድምፁ?»

ችግሩን የፈታው መዶሻ ነበር። የሁለቱንም እግር ፎርማ እሱ ራሱ ቀርፆ በአውቶቡስ ላከላት። መርፌ ፎርማውን ስታገላብጠው አጉረመረመች፤ ያለ ወረቀት ሠርታ አታውቅም። ግን የመዶሻ እጅ ነው። የመዶሻን እጅ ከራሷ ይልቅ ታምነው ነበር። በጎደሉት ጣቶች ቦታ ለስላሳ ቆዳ ደራርባ ሞላችበት። ስፌቱን ድርብ አደረገችው። ቡናማ፣ እንዲያ ያማረ ጫማ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። «ለአጎትሽ የኔ ስጦታ ነው፣ ይርገጥበት» ብላ ላከችው። ሙጫም፣ «አጎቴ መረቀሽ» አለቻት።

የልደቷ ቀን መርፌ በጠዋት መናኸሪያ ደረሰች። ትኬቷ የከሰዓቱ ነበር። ነገር ግን የጠዋቱ አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው ቀርቶ ወንበር ተገኘ። ልደውልላቸው ስትል ስልኳ ሞቶ ነበር። «ይሁን፣ ድንገት ልግባባቸው» ብላ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየች ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው የምታውቀው መስሎት ሁለት ጊዜ ሰላም አላት።

የእነ ሙጫ ቤት በአንድ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወንበር መጎተት ድምፅ፣ የሕፃን ሳቅ፣ ፊኛ ሲነፋ ይሰማል። ኮሪደሩ አዲስ ሰም ተቀብቶ ስለሚያብረቀርቅ የቤቱ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቋል። መርፌም የራሷን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል አየችው። የአጎትየው ጫማ!

የራሷን ልጅ ሰው ቤት ያገኘች ያህል ደስ አላት። ቡናማው ቀለም ደብዝዟል፤ ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልላላም። ጣቶቹ ጋ የሞላችው ቆዳ እንዴት እንደያዘ ለማየት ቀኙን አነሳች፤ ደህና ነው። ግራውን አነሳችና ገለበጠችው።

ታኮው በውጭ በኩል፣ ወደ ኋላ ጥግ፣ አግድም ተበልቷል።

መርፌ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ብዙ ሰው ታኮ በውጭ በኩል ይበላል፣ አለች ለራሷ። ማሰሪያውን አየች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው፤ ክር ገብቶባቸው አያውቅም፤ የብረት ቀለበታቸው ከሱቅ እንደወጣ ያበራል። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ጫማው ይሞቃል። እግሩ አሁን ነው የወጣው።

«ውይ! አንቺ!»

ሙጫ የእቃ ማድረቂያ ጨርቅ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ መጀመሪያ ፈካ፤ ከዚያ የመርፌን እጅ አየችና አመድ መሰለ።

«በከሰዓቱ አልነበር የምትመጪው?»

«ወንበር ተገኘ» አለች መርፌ። «የአጎትሽ ጫማ ነው?»

«አዎ... አዎ፣ የአጎቴ። ሶሉን መዶሻ ያይለት ብሎ ትናንት ጥሎት ሄደ።»

«በባዶ እግሩ?»

«አንቺ ደግሞ! ሌላ ጫማ የለውም እንዴ!» ሙጫ ሳቀች። ሳቋ ከጉሮሮዋ አላለፈም። ከዚያ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ግጥም አድርጋ፣ ልክ እንደ ድሮው። «እንኳን ተወለድሽልኝ!»

መርፌ ጫማውን ቦታው መለሰችው። እጇ ላይ ያለው ሙቀት ገና አልጠፋም።

ሳሎን አስገብተው አስቀመጧት። መዶሻ መሰላል ላይ ወጥቶ ፊኛ ይሰቅል ነበር፤ ሲያያት ፊኛው ከእጁ አመለጠ። ወርዶ ሳማት፤ ዓይኗን ግን አላያትም። የኋላ ክፍሉ በር ተዘግቷል። ጥቂት ቆይታ ከዚያ በር የሙጫ ታናሽ እህት ወጣች። መርፌ በስልክ ብቻ ነው የምታውቃት፤ ባሏ ነጋዴ ነው፣ ዘወትር መንገድ ላይ ነው ይሏት ነበር። እህትየዋ እጇን ሰጥታ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለችና እንደ ሌባ ወደ ማድ ቤት አለፈች። ተከትላት ትንሿ ልጇ ፊኛ እያባረረች ኮሪደሩን ሮጠችበት። መርፌ የልጅቷን እግር አየች። ግራው ወደ ውጭ ሸፈፍ ይላል።

ከዚያ ከቤቱ በስተኋላ አንድ በር ቀስ ብሎ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። መዶሻ አሳለ።

መርፌ መጮህ ትችል ነበር። በኋላው በር ሮጣ አንገቱን ማነቅም ትችል ነበር። ግን ተቀመጠች። እሱ ከሄደ ቆይቷል፤ መሄዱን ለምዳዋለች። ያልለመደችው እነዚህን ሁለቱን ነው። በዓለም ላይ ስልክ የምትደውልላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ይናገሩ፣ አለች በልቧ። ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ይንገሩኝ። ኬኩ ሳይቆረስ፣ እንዲህ ሆነ ይበሉኝ፤ እችለዋለሁ።

ሙጫ መጣች፣ ሄደች። ውሃ አመጣችላት፣ ትራስ አመጣችላት፣ ፀጉርሽ አምሮብሻል አለቻት። ወደ ኮሪደሩ ብቅ ትልና መርፌ ከተቀመጠችበት ጫማው ፊት ለፊት እንደሚታይ ስታይ ትመለሳለች። መዶሻ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። አንዴ ስለ አውቶቡሱ ጠየቃት። አንዴ ስለ ዝናብ።

ከሰዓቱ ሲጋመስ ጋሽ መቀስ በከዘራው እየተመራ ገባ። አርጅቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው።

«እስቲ ልይሽ! አልዛግሽም እንዴ?»

«ዘይት እየቀባሁ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔን እይኝ! ቆዳ ስቆርጥ ኖሬ አሁን የራሴ ቆዳ ልክ አልሆን አለኝ፤ እዚህም ይተርፋል እዚያም ይተርፋል።»

ሁሉም ሳቁ። መርፌም ሳቀች፤ ራሷንም ገረማት። ኬኩ መጣ። ሻማ ተለኮሰ፣ ተዘመረ፣ ሕፃናቱ አጨበጨቡ። ሙጫ ቢላውን አቀበለቻትና፣ «ከመቁረስሽ በፊት ተመኚ!» አለች።

መርፌ ቢላውን አስቀመጠች። «ምኞቴን ጮክ ብዬ ልናገር። የመጣሁት ለእሱ ነው። ፍርድ ቤት ምስክር አምጪ ብሎኛል። ባሌ ከጠፋ ወዲህ እንዳላያችሁት፣ ድምፁንም እንዳልሰማችሁ፣ ሁለታችሁ ትመሰክሩልኛላችሁ ወይ?»

መዶሻ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይጠቀልል ጀመር። ሙጫ ግን አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የዘገየችው።

«እንዴታ! ምን ጥያቄ አለው? የፈለግሽበት ቦታ!»

«አላየሽውም?»

«ካየሁት ዓይኔ ይፍሰስ!»

«አንተስ?» አለችው መዶሻን።

«እሷ... እሷ እንዳለችው ነው» አለ።

ያን ጊዜ መርፌ ተነሳች። ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ግራውን ጫማ አምጥታ፣ ገልብጣ፣ ኬኩ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሌላ ቤት ቢሆን ምንድነው ይሄ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን የተቀመጡት ዕድሜያቸውን ጫማ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። እግሩን ልይ እንዳትል ፎርማ ቀርፀውላታል፤ ስልክ ላይ ቃላቸውን መጥነዋል፤ ልጆቹን፣ ሰውየውን፣ የኋላ በሩን ሁሉ አስበውበታል። የተረገጠ ጫማ፣ ጫማ ሰፊ በምትገባበት በር ላይ መቆሙን ግን ማንም ልብ አላለም። ሙጫ ታኮውን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ መቀስ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ሊያደርገው ካለ በኋላ፣ ሳያደርገው መልሶ ከተተው። ማየት አላስፈለገውም።

«ጋሼ» አለች መርፌ ወደ ሽማግሌው ዞራ። «እርስዎም ያውቃሉ?»

«ልጄ...»

«እርስዎም?»

«ሰፈር ውስጥ አየሁት። በጠፋ ዓመቱ ይሆናል። እኔ ልናገር ብዬ ነበር፤ እነዚህ አፌን ያዙኝ። ሽማግሌ ደግሞ አፉን ሲይዙት ይመቸዋል።» ከዘራውን ፈለገ፤ እግሩ ሥር ወድቋል፤ አላነሳውም።

ሙጫ ፈነዳች። «እህቴ ናት! ምን ላድርግ? ወደዚህ ሲመጣ እኛ ጋ ነው ያረፈው። ሥራ እስካገኝ ነው አለ። ሥራ ላይ እያለሁ፣ ከጀርባዬ... እኔ ሳውቅ እሷ አርግዛለች። ላባርራት? የእናቴን ልጅ ጎዳና ላይ ልጣላት?»

«እሱን አላነሳሁም» አለች መርፌ። «መካኒኩ ሲጠይቀኝ ጠብቂ ያልሽኝ ለምንድነው?»

ሙጫ አንገቷን ደፍታ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ፍቺ ስትጠይቂ ይፈልጉታል ብዬ። ነገሩ ይወጣል ብዬ። የእህቴ ትዳር...» አለች።

«የአንቺ እህት ባል ይኑራት ተብሎ እኔ ከሌለ ባል ጋር ልኑር?»

ከማድ ቤት የእህትየዋ ለቅሶ ይሰማል። ትንሿ ልጅ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ ፊኛዋን በጥፍሯ ትቧጭራለች።

«ታዲያ ዛሬ ለምን ጠራሽኝ?» አለች መርፌ። «ልደትሽ ነው፣ ነይ ነይ እያልሽ፣ እያለቀስሽ?»

«ናፍቀሽኝ ነዋ!» አለች ሙጫ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ። «ብትናፍቂኝስ!»

ውሸት አልነበረም። መርፌ የምታውቃት ያቺ ሙጫ ፊት ለፊቷ ነበረች፤ ስትታመም ደጃፏ ላይ የምታድረዋ፣ ለሰርጓ ፀጉሯን የሠራችላት። ያቺው ናት። መርፌን የጎዳት ያቺው መሆኗ ነው። ሌላ ሰው ሆና ብታገኛት ይቀላት ነበር። ቦርሳዋን አነሳችና ኬኩን ሳትቆርስ ወጣች።

ቅያሱን ጨርሳ ዋናው መንገድ ላይ ስትደርስ መዶሻ ከኋላዋ ደረሰ። ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበላት። አልከለከለችውም። ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ ዝቅ ብላለች፤ ሱቆች እቃቸውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። መናኸሪያው ድረስ አብረው ሄዱ። ትኬት ቆርጣ ስትመለስ እዚያው ግድግዳው ሥር ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ወረቀት ላይ ብንስለው በዓይንሽ ታውቂው ነበር» አለ፣ ሳትጠይቀው። «ስለዚህ ፎርማው ላይ... የጀርባውን ከፍታ ቀነስኩት። ተረከዙን አጠበብኩት። እንዳይጎዳው፣ ግን እሱም እንዳይመስል።»

መርፌ ያን እንጨት አስታወሰችው። ሳምንታት ጠረጴዛዋ ላይ ቆሞ ነበር። ቆዳውን እየወጠረችበት፣ ብቻዋን ስትሆን፣ «አጎቴ፣ ይመችህ እንግዲህ» እያለች ታወራው ነበር።

«ብዙ ጊዜ ፈጀብህ?» አለችው።

«ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። ሁለተኛው በጣም ይመስለው ነበር። አቃጠልኩት።»

«ሦስተኛው ጥሩ ሥራ ነበር» አለች መርፌ።

መዶሻ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ድሮ ቢሆን እጇን ታኖርበት ነበር። ጣቷን በመዶሻው ስቶ በመታት ቀን እንኳ አብረው ስቀዋል።

«እንግዲህ ምስክር አያስፈልገኝም» አለችው። «ጠፋ የተባለው ሰው መኖሪያው ታውቋል፤ መጥሪያው እናንተ ቤት ይመጣል። አለመኖሩን ስትምሉልኝ ከነበረ፣ ሲኖር ደግሞ ለመጥሪያው በር ክፈቱ።»

«እሺ» አለ፣ ሳይዞር።

«ሙጫ እንዳትደውልልኝ። አንተም።»

«እሺ።»

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር ወንበር አገኘች። ሞተሩ ሲነሳ መዶሻ ገና እዚያው ነበር፤ እጁን ሊያወዛውዝ አንስቶ መሀል ላይ ተወው። እሷም ወደ ፊት ዞረች። ያላለቀሰችው ለቅሶ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ከተማውን እስክትወጣ አይነቃነቅም ብላ ነው የወሰነችው።

አጠገቧ የተቀመጡት ወፍራም ሴትዮ ጨዋታ የሚወዱ ናቸው። ብርቱካን ልጠው አካፈሏት። «የት ሄደሽ ነው፣ ልጄ፣ እንዲህ በቶሎ የምትመለሽው? ሻንጣ እንኳ የለሽ» አሏት።

«ልደቴን ላከብር ሄጄ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ተወለድሽ! ዛሬ ነው? ታዲያ ከነማን ጋር አከበርሽ?»

መርፌ አፏን ከፈተች። «ጓደኞቼ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳታስብ ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ብርቱካኑን በእጇ ይዛ ፈለገችው። ሴትዮዋ አልሰማችኝም ብለው ጎንበስ አሉላት።

«ድሮ አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩ ሰዎች ጋር» አለች።